በጣም እስማማለሁ

ቅዳሜ ማለዳ ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሁልጊዜ የሚደርሰኝ የመሐል ወንበር ነው። መስኮቱን የሚይዙት ከእኔ ቀድመው የሚነቁ ሰዎች ናቸው፤ በሩን የሚይዙት ደግሞ ከረዳቱ ጋር የሚተዋወቁ። እኔ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከግራም ከቀኝም ትከሻ ተጭኖኝ እቀመጣለሁ። ተራራው ላይ ጉም ሲገጥመን ሾፌሩ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ወሬው ይቆማል፣ ሁላችንም ፊት ለፊት እያየን ምንም አናይም። «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ» ይላል ረዳቱ። ወዴት እንደምንጠጋ ግን ተናግሮ አያውቅም። ማስተርሴን የተማርኩት እንዲህ እየተጠጋጋሁ ነው።

ቡታጅራ የተወለድኩበት ከተማ ነው። አባቴ ከሰሜን በአስተማሪነት ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር፤ እኔም የሱን ሙያ ይዤ እዚያው ከተማ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ባለቤቴ የቸሃ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ ከወንድሙ ጋር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ከተጋባን ጀምሮ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ነን። መጀመሪያ አባቴ ታሞ ስለነበር ጥዬው መሄድ አልቻልኩም። ቀጥሎ ልጃችን ትምህርት ስትጀምር «ትንሽ ጠንከር ትበልና» ተባለ። አባቴ ዐረፈ፣ ልጃችንም ጠንከር ብላ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ባለቤቴ ለመስቀልና ለፋሲካ ይመጣል፣ በመሐልም ገበያው ሲቀዘቅዝበት ብቅ ይላል።

ማስተርስ የጀመርኩት ከዚህ ለመውጣት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ ከመጣሁ በመስከረም ሊቀጥረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል፤ እኔ በሰኔ ጽሑፌን አቀርባለሁ፣ እሱ ክረምቱን ቤት ይፈልጋል፣ በመስከረም አንድ ጣሪያ ሥር እንገባለን። ወልቂጤ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሆኜ ተመዘገብኩ። በክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ዕድገት፣ ሹመት፣ የደረጃ ለውጥ እያለ ሲያወራ እኔ ዝም ነበርኩ። ከባሌ ጋር ለመኖር ነው የምማረው ብሎ ማን ያወራል?

ርዕስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርኩም። ባሎቻቸው ለንግድ ርቀው የሚኖሩ፣ እነሱ ግን ገጠር ቀርተው ቤቱን፣ እንሰቱን፣ አማትንና ልጆችን የያዙ ሴቶች። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለች ሴት የሌለችበት መንደር አይገኝም። ወንዱ ጢሙ ሳይበቅል ወደ ከተማ ይወጣል፣ ሲደርስ ተመልሶ ያገባል፣ አግብቶ ደግሞ ይሄዳል። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ ሲገባ መንደሩ ይሞላል፣ መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል፣ በየግቢው ሥጋ ነው። ስለዚያ የበዓል መግባት ብዙ ተወርቷል። እኔ ማወቅ የፈለግኩት በዓሉ አልቆ መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ ስላለው ነገር ነበር። ራሴንም ማወቅ ፈልጌ ይሆናል፤ ያንን ግን ፕሮፖዛሉ ላይ አልጻፍኩም።

አማካሪዬ ከእኔ በብዙ የሚያንስ ወጣት ነው። እሱ ዕድሜዬን አክብሮ «እርስዎ» ይለኛል፣ እኔ መምህሬ ነው ብዬ «እርስዎ» እለዋለሁ። ሁለት ሰዎች እንዲህ ከተከባበሩ በኋላ ደህና ጭቅጭቅ አይወጣቸውም። ቢሮውን ከሌላ መምህር ጋር ይጋራል፤ ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ጽሑፍ ስለተከመረ ፊቱን ለማየት ትንሽ ዘንበል ማለት ያስፈልጋል።

«ርዕሱ ጥሩ ነው፣ መምህርት» አለኝ። «ንድፉስ?»

የጥናት ንድፍ ማለት ጥያቄን ይዞ መልሱን በምን መንገድ እንደሚያገኙት አስቀድሞ መወሰን ነው። ብዙ ሰው ዘንድ ሄዶ አጭር አጭር ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፤ ጥቂት ሰው ዘንድ ደጋግሞ ሄዶ መቀመጥም ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ መመለስ አለ፣ ወራትን መከታተልም አለ። ትምህርቱን ስንማር ሁሉም በየተራ ሲዘረዘር እኔ ሁለተኛውን ወድጄው ነበር።

«ከአንድ የሙስሊም መንደር ጥቂት ሴቶችን መርጬ ደጋግሜ ብጠይቃቸው ብዬ ነው» አልኩት። «ባሎቻቸው ለአረፋ ከመምጣታቸው በፊትና ከሄዱ በኋላ።»

ስልኩን አውጥቶ የቀን መቁጠሪያውን አየ። «አረፋ ዘንድሮ ወደ ሰኔ ነው። እነሱ መጥተው ሲሄዱ እኮ እርስዎ ኮሚቴ ፊት ቆመው ጽሑፍዎን እያቀረቡ መሆን አለብዎት።»

ደብተሬን ዘጋሁ።

«በዚያ ላይ ኮሚቴው ቁጥር ይወዳል። ‹ስምንት ሴት አናግሬ› ቢሏቸው ‹ሌላዋስ?› ነው የሚሉዎት፤ እኔንም ጭምር። ዳሰሳ ያድርጉት፣ መጠይቅ ያዘጋጁ፣ ብዙ ሴቶች ጋ ይድረሱ፣ በሰኔ ይገላገላሉ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አልኩ።

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ የምረግመው አገኝ ነበር። ሊያስመርቀኝ የፈለገ ሰው ነው። በር ድረስ ሲሸኘኝ «እኔም ስመረቅ የሠራሁት ዳሰሳ ነው፣ ወድጄ መሰለዎት?» አለኝና ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ባጃጅ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው የሳቅሁት ለምን እንደሆነ ራሴን የጠየቅኩት።

ወልቂጤ ዋናው መንገድ ዳር ተማሪ ሁሉ ጽሑፍ የሚያስተይብበት ኮምፒውተር ቤት አለ። የምትተይበው ልጅ የኮሌጁን አሠራር ከእኛ በላይ ታውቃለች። «ምዕራፍ ሦስትሽን ይዘሻል ወይስ ከኔ ልስጥሽ?» አለችኝ፣ ቋንቋዋ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ምዕራፍ ሦስት ማለት ንድፉ የሚጻፍበት ክፍል ነው። ከዚህ በፊት የተመረቁት ሰዎች ምዕራፍ ሦስት በሙሉ ኮምፒውተሯ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንዱ ስለ ውሃ ነው፣ አንዱ ስለ ትምህርት ማቋረጥ፣ አንዱ ስለ ወጣቶች ሥራ። ንድፉ ግን የሁሉም አንድ ነው፣ የተመረጠበት ምክንያት ጭምር። «ይኼ አሪፍ ነው፣ ርዕሱን ብቻ ቀይሪ» አለችኝ አንዱን እያሳየችኝ። ተናድጄ ራሴ ልጽፍ ቤቴ ገባሁ። ጽፌ ስጨርስ ያው እሷ ያሳየችኝን ጽፌ አገኘሁት።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ መጠይቁን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። አሠራሩ የታወቀ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፣ መላሿ ከአምስቱ አንዱን ትመርጣለች፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ሐሳብ የለኝም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። ይህን ያልሞላ አስተማሪ አገር ውስጥ የለም፤ በየስልጠናው መጨረሻ ይሰጠናል፣ ምሳ እንዳይቀርብን እየተጣደፍን ምልክት እናደርጋለን። ስለዚህ ቃላቱን ሁለተኛ አላየኋቸውም።

ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለ የመስቃን መንደር ውስጥ ጥር አካባቢ ሥራ ጀመርኩ። አብዛኞቹ ሴቶች ማንበብ ስለማይችሉ እኔ እያነበብኩ እነሱ ይመልሳሉ። ቤታቸው ውስጥ የሚነጋገሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው፣ አማርኛ ለገበያ፣ ለክሊኒክና ለእንደኔ ላለው ሰው የሚያወጡት ነው። የኔ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያው ተወልጄ የነሱን ቋንቋ እሰማለሁ እንጂ አፌ አይፈታበትም። ስናገር ይስቁብኛል፣ ስለዚህ በአማርኛ ጠየቅኩ።

በጥሩ ሁኔታ ተቀበሉኝ። «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ስገባ ወንበር ይወጣል፣ ወንበሩ ይጠረጋል፣ ልጆች ከአጠገቤ ይባረራሉ። የብዙዎቹን ልጆች አስተምሬላቸዋለሁ፣ ስለዚህ «ቲቸር» ይሉኛል። እኔ አነባለሁ፦ «ባለቤቴ ርቆ መሥራቱ በእኔ ላይ ጫና ፈጥሯል።» ሴትየዋ ወደ አማቷ ትመለከትና «እስማማለሁ» ትላለች። «በጣም ነው ወይስ እንዲሁ?» «ኧረ በጣም፣ በጣም እስማማለሁ።» ምልክት አደርጋለሁ። ቀጣዩን አነባለሁ። «በጣም እስማማለሁ።» አንዳንዷ ደግሞ ፈገግ ብላ «እኔ ሐሳብ የለኝም፣ አልሃምዱሊላህ» ትላለች። እሱንም በቦታው ምልክት አደርጋለሁ። ሥራው እንዲህ ቶሎ ቶሎ ሲሄድልኝ ደስ አለኝ። አማካሪዬ ትክክል ነበር፣ በሰኔ እገላገላለሁ አልኩ።

ችግሩ የተገለጠልኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ መልሱን ኮምፒውተር ላይ ሳሰፍር ነው። መጠይቅ ሲዘጋጅ አንድ ማጣሪያ ይደረግበታል። መላሹ ልቡ ከጥያቄው ጋር መሆኑን ለማወቅ አንዱ ነገር ተገልብጦ ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ይጠየቃል። እኔም መጀመሪያ አካባቢ «ባለቤቴ ርቆ መሥራቱ ከብዶኛል» ብዬ፣ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ «ባለቤቴ ርቆ መሥራቱ አልከበደኝም» ብዬ ጠይቄ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ለሁለቱም በጣም ትስማማለች። ሁለተኛዋም። ወረቀቱን እያገላበጥኩ ሄድኩ። መንደሩ በሙሉ ከብዶታልም አልከበደውምም።

ስህተቱ የኔ የአሞላል ይሆናል ብዬ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ካናገርኳቸው ወደ አንዷ ሄድኩ። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ባሏ ሐዋሳ ሱቅ አለው። ግቢዋ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግታ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር፣ አማቷ ለቅሶ ሄደዋል። ተቀመጥኩ፣ ሁለታችንም አነጠስን፣ ሳቅን። እኔም ባዶ እጄን ከምቀመጥ ብዬ መቀንጠስ ጀመርኩ።

«ያን ቀን የጠየቅኩሽን ልድገምልሽ» አልኳት። «‹ባለቤቴ ርቆ መሥራቱ ከብዶኛል›። ምን ትያለሽ?»

«እስማማለሁ አልኩሽ እኮ፣ ቲቸር።»

«እሺ። ‹ባለቤቴ ርቆ መሥራቱ አልከበደኝም›?»

«እሱም እስማማለሁ።» እጇ በርበሬው ላይ ቆመ። ፊቴን አየችና አዘነችልኝ መሰለኝ። «ምን ሰምተሽ ነው? ማን ምን አለሽ? እኔ ወላሂ ከሱ ጋር ተጣልቼ አላውቅም። በጣም እስማማለሁ። ከናቱም ጋር እስማማለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከሰው ጋር መስማማት። «ከባልሽ ጋር ትስማሚያለሽ?» የሚባለው መስማማት። አማርኛን ከገበያና ከጎረቤት ለተማረች ሴት «እስማማለሁ» ማለት በሰላም እኖራለሁ ማለት ነው፤ «አልስማማም» ማለት ደግሞ ከባሌ ተጣልቻለሁ ብሎ አማት ፊት መናገር ነው። ያን የምትል ሴት ከየት ትመጣለች? «ሐሳብ የለኝም» ያሉኝም እንደዚያው ናቸው። ጭንቀት የለብኝም፣ አላህ ይመስገን ማለታቸው ነበር፤ እኔ አስተያየት የላቸውም ብዬ መሐሉ ላይ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። አማርኛ አፍ የፈታሁበት ቋንቋዬ ነው፤ የገዛ ቃሌን ግን በእንግሊዝኛ ጆሮ ነበር የማዳምጠው። በራሴ ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ፣ በርበሬው ዓይኔ ውስጥ ገባና ሳቅና እንባው ተደባለቀብኝ።

ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ እያበስኩ እስክሪብቶውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። «ከሱ ጋር ስለመጣላት አይደለም የምጠይቅሽ» አልኳት። «ብቻሽን ስትሆኚ፣ መቼ ነው የሚከብድሽ?»

ብዙ ዛላ ቀነጠሰች። ጥያቄው እንዳስከፋት ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ሲሄድ አይደለም» አለች። «ሲሄድ ለምጄዋለሁ። ሲመጣ ነው። ለአረፋ ይመጣል፣ ቤት ይገባል፣ እጁን ሊታጠብ ይፈልግና ‹ውሃው የት ነው?› ይለኛል። በገዛ ቤቱ። ለባሌ ውሃው የት እንዳለ ሳሳየው፣ ያኔ ነው።»

መቀንጠሷን ቀጠለች። እኔም ቀጠልኩ። ባለቤቴ ባለፈው ፋሲካ መጥቶ የሽንት ቤቱ መብራት ማብሪያ በየትኛው በኩል እንደሆነ ከኮሪደሩ ጮክ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔም ከኩሽና ሆኜ «በቀኝ» ብዬ መልሼ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጥዬ ነበር። በዚያ ሰዓት ምንም አልመሰለኝም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ግን እንባዬ መጣ፣ በርበሬ ባይኖር ምን ብዬ እንደማመካኝ አላውቅም።

ቅዳሜ ወልቂጤ እስክደርስ ምን እንደምለው ሳሰላስል ነበር። አማካሪዬ ኮምፒውተሬን ተቀብሎ ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች አየ፣ ፊቱ በራ።

«ይኼ እኮ በጣም ጥሩ ነው! ሁሉም አንድ አቅጣጫ ነው የያዘው።»

ስለ ቃሉ ነገርኩት። ስለ ተገለበጠው ጥያቄ፣ ስለ አማቶቹ፣ ስለ «ሐሳብ የለኝም»። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከልቡ ነው የሳቀው፣ ክምሩ ላይ ተደግፎ። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ቆመ።

«እኔም በእነዚሁ ቃላት ነው የጠየቅኩት» አለ። የራሱን የመመረቂያ ጥናት ማለቱ ነው። ክምሩን በመዳፉ ነካ አደረገ። «እነዚህም ሁሉ።»

አሳዘነኝ። ለሁለታችንም ሻይ አስመጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለት መንገድ አለ አለኝ። አንደኛው፣ የተገለበጠውን ጥያቄ ከመጠይቁ አውጥቶ የቀረውን እንዳለ መተንተን ነው። ውሸት አይደለም፣ ሴቶቹ ብለዋል፤ «የቃላት ውስንነት ነበረ» ብዬ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ በሰኔ አቀርባለሁ። ሁለተኛው፣ ያ መጀመሪያ የፈለግኩት ንድፍ ነው፤ ጥቂት ሴቶች፣ ደጋግሞ መሄድ፣ ከአረፋ በፊትና በኋላ። ምዕራፍ ሦስት እንደገና ይጻፋል፣ ኮሚቴው እንደገና ያያል፣ እኔም ከሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ጋር እሰለፋለሁ።

«የሚቀጥለው ዓመት» አልኩ።

«ሰኔ፣ የሚቀጥለው። እርስዎ ያሉትን እኔ እፈርማለሁ፣ መምህርት። ብቻ እስከ ሰኞ ያሳውቁኝ።»

ቢሮውን ለቅቄ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። የቡታጅራው ሚኒባስ ገና አልሞላም፤ ያም ሆኖ ሰው ዕቃውን እያስቀመጠ መስኮቱንም በሩንም ይዞት ነበር። መሐል ገባሁ። አንደኛውን መንገድ ከያዝኩ በመስከረም ቤቴ እገባለሁ፤ እነዚያ ሴቶች ግን «በጣም እንስማማለን» እንዳሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፣ ያውም እኔ እያወቅኩ። ሁለተኛውን ከያዝኩ ተለይተው ስለሚኖሩ ሴቶች ደህና አድርጌ ለመጻፍ ራሴ ሌላ ዓመት ተለይቼ እኖራለሁ። የግል ትምህርት ቤቱም አንድ ዓመት አይጠብቀኝም። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሰው ብቻውን አይወስንም ብዬ ለባለቤቴ ደወልኩ። እውነቱን ለመናገር እንዲቆጣ ነበር የፈለግኩት። «አብደሻል? ቁጥሩን ጽፈሽ ነይ፣ ናፍቀሽኛል» ቢለኝ ወረቀቱን ያን ቀን እጨርሰው ነበር።

ከጀርባው የሱቁ ጫጫታ ይሰማል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ከጎኔ ያሉት ሰዎች ወሬዬን እየሰሙ ወደ ፊት ያያሉ። ስጨርስ አንድ ደንበኛ «ስንት ነው?» ሲለው ሰማሁ፣ መለሰለት፣ ከዚያ ወደኔ ተመለሰ።

«ይሻላል ካልሽ እኔ እስማማለሁ» አለ።

«አንድ ዓመት እኮ ነው። ያ ትምህርት ቤትም ይቀራል።»

«እሱ ሌላ አይጠፋም። ካልሽ እስማማለሁ አልኩሽ እኮ።»

«አንተስ ምን ትላለህ? አንተ።»

«እኔ ሐሳብ የለኝም» አለ። ድምፁ ደህና ነበር፣ የተቆጣም የተከፋም አልነበረም። «በርቺ። ደንበኛ አለ፣ ማታ እደውላለሁ።»

ስልኩን እጄ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህ ሰው በትዳራችን ዘመን ሁሉ እምቢ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ ሲታመም እዚያው ልቆይ ስለው ተስማማ፣ ልጅቷ ትደግ ሲባል ተስማማ፣ ማስተርሱንም ስጀምር ተስማማ። እኔም በየተራው «እንዴት ያለ ባል ነው ያለኝ» እያልኩ ለጓደኞቼ አወራ ነበር። እሱ ልምጣ ባይለኝ እኔ ተስማማሁ፣ እኔ ልምጣ ባልለው እሱ ተስማማ። ሐሳብ የለኝም ያለው ግድ የለኝም ማለቱ ይሁን፣ አታስቢ ማለቱ ይሁን፣ ወይም እንደዚያ መንደር ሴቶች አማት ፊት እንደተቀመጠ ሰው ሰላም ይብዛ ማለቱ ይሁን ለማወቅ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። ባሌን ለይቼ የማላውቀው መሆኑ ሚኒባስ ውስጥ፣ በማያውቁኝ ሰዎች መሐል ገባኝ። አለቀስኩ፤ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ» ሲል እያለቀስኩ ተጠጋሁ።

ሰኞ ለአማካሪዬ ደውዬ ሁለተኛውን አልኩት። «ተስማማን?» ብሎ ጀመረና ራሱ አቋረጠው፣ ሁለታችንም ሳቅን። ምዕራፍ ሦስትን እንደገና ጻፍኩ። ኮምፒውተር ቤት ያለችው ልጅ ስትተይበው «ይኼኛው ከየት መጣ? የኔ ጋ የለም» አለችኝ። የግል ትምህርት ቤቱ ሌላ አስተማሪ ቀጠረ። መስከረም መጣና ሄደ፣ ባለቤቴ ለመስቀል መጥቶ ቸሃ ቤተሰቦቹ ጋ አብረን ሰነበትን፣ ቡታጅራ ቤታችንም አደረ፣ ተመልሶም ሄደ። ማብሪያውን አልጠየቀኝም፤ በቀኝ መሆኑን አልረሳም፣ ወይም ረስቶ በጨለማ ዳበሰው።

አሁን ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደዚያ መንደር እሄዳለሁ። መጠይቅ አልይዝም። ያለውን ሥራ አብሬ እሠራለሁ፣ አማቶቹ ሲወጡ እጠብቃለሁ፣ ቃል በቃል ከመጠየቅ ይልቅ ያለፈው አረፋ እንዴት እንደነበረ አስወራለሁ። በአማርኛ ያቃታቸውን በቋንቋቸው እንዲነግሩኝ እላቸዋለሁ፤ እኔም በተሰበረው አፌ እመልሳለሁ፣ ይስቁብኛል፣ ይሳቁብኝ። ሴቶቹ ያወራሉ። ስለ ውሃው የነገረችኝም ከዚያ ወዲህ ብዙ ነግራኛለች፤ አንድ ቀን ግን እሷ በተራዋ «ያንቺስ ባል?» አለችኝ።

«እንስማማለን» አልኳት።

በርበሬ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። እሷን ለማጥናት ንድፍ አለኝ፣ ኮሚቴውም አጽድቆታል። ባለቤቴን በየትኛው ንድፍ እንደምጠይቀው ግን ገና አልመረጥኩም።